ከግመድ እስከ ሸራ፦ የጅማ–ቦንጋ መንገድና የፍሬን ታሪክ

በጋራዥ አማርኛ ውስጥ የመኪና ክፍሎች የሚጠሩባቸው ስሞች አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኮፈን የሚባሉት ሁሉ ከጣሊያንኛና ከፈረንሳይኛ ተወርሰው በሾፌርና በመካኒክ አፍ ተገርተው ቀርተዋል። ፍሬን የሚለውም ቃል ከዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ከፍሬኑ ክፍሎች ሁሉ ዋነኛው፣ ይኸውም ከብረቱ ጋር ተፋትጎ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል፣ በባዕድ ስም አልተጠራም፤ መኪና ከመምጣቱ በፊት በአማርኛ ይነገር በነበረ ቃል «ሸራ» ተባለ። ሸራ ለድንኳንና ለጭነት መሸፈኛ የሚውል ጠንካራ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ዛሬ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ የሚገጠመውን የፍሬን ሸራ ግን ማንም ቢመረምረው አንዲት ክር ሸማ አያገኝበትም፤ ከሙጫ፣ ከቃጫ መሰል ክሮች፣ ከብረት ዱቄትና ከከሰል ዘር ተደባልቆ በሙቀትና በግፊት የተጠፈጠፈ ጠጣር ነገር ነው። ታዲያ ጨርቅ ያልሆነው ነገር በጨርቅ ስም እስከ ዛሬ የሚጠራው ስለምን ነው?

መልሱ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር በደርቢሺር ኮረብታዎች ነው። በዚያ አገር ገበሬዎች በፈረስ የሚጎተት ጋሪያቸውን ቁልቁል ሲነዱ በእንጨት ጉማጅ ጎማውን እየተጫኑ ይገቱ ነበር፤ እንጨቱ ቶሎ እየተላጠና እየጨሰ ሲያስቸግራቸው ያረጀ የጫማ ሶል በላዩ ይቸነክሩበት ጀመር። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው ይህን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጥጥ በተሸመነ ወፍራም ቀበቶ ላይ ሙጫ እያጠጣ ለፍሬን የሚሆን መፈተጊያ ማዘጋጀት ጀመረ። የድርጅቱም ስም ከራሱ ስም ፊደላት ተገለባብጦ፣ የሚስቱ የኤልዛቤት የመጀመሪያ ፊደል ታክሎበት «ፌሮዶ» ተባለ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የፍሬን መፈተጊያዎች በእርግጥ ጨርቅ ነበሩ። ጥጡ ሙቀት ሲበዛበት ስለሚያር እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በአስቤስቶስ ክር ተተካ፤ ይህም ቢሆን ለብዙ ዘመን እንደ ሸማ እየተሸመነ፣ በነሐስ ሽቦ እየተጠናከረ፣ በጥቅል እየተሸጠ፣ በሚፈለገው ልክ እየተቆረጠ በብረቱ ቅስት ላይ ይቸነከር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ በጥንቶቹ ካሚዮኖች የገባው መፈተጊያ የዚህ ዘመን ሥሪት በመሆኑ፣ የአገሩ ሠራተኛ ያየውን በሚያውቀው ስም ጠራው ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። ቃሉ የነገሩን ለውጥ ሳይከተል ባለበት ቀርቷል።

ነገሩ የበለጠ ትርጉም የሚያገኘው ግን በመንገድ ሲታይ ነው፤ የፍሬን ታሪክ የቁልቁለት ታሪክ ነውና። ለዚህም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከጅማ ተነሥቶ በሰቃና በሸቤ አልፎ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደው፣ ከዚያም በጊምቦ በኩል ወደ ቦንጋ የሚወጣው ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ የሚል መንገድ የተሟላ ምሳሌ ይሆናል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ዝናብ የማይለያት የደን አገር ከተማ ናት። ከጅማ የሚመጣ ሁሉ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ወጥቶ ነው የሚደርስባት።

የካፋ መንግሥት በነበረበት ዘመን ይህ አቀማመጥ ከመከላከያዎቹ አንዱ ነበር። ነገሥታቱ በድንበራቸው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈሩ፣ መግቢያውን በዘበኛ በሚጠበቁ በሮች ወስነው ይኖሩ ነበር፤ ጎጀብም በስተ ሰሜን ራሱን የቻለ አጥር ነበር። ቦንጋ ከውጭ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ የሚገበያይባት ስፍራ ስትሆን፣ ቡናውና ኮረሪማው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ፣ በዚያ ዘመን በግፍ ይሸጥ የነበረውም ባሪያ በዚሁ በር ያልፍ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ከዙፋኑ እስካወረደው ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በዚያ መንገድ መንኰራኵር አልተሽከረከረበትም። ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች በ1890 ዓ.ም. ከራሱ ጦር ጋር፣ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ1897 ዓ.ም. ካፋን ሲጎበኙ ሁለቱም የተጓዙት በበቅሎ ነው። የበቅሎ ጭነት ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት በጭራዋ ሥር በሚያልፍ ጠፍር ይያዛል፤ በካፋ መንገድ ላይ ለሺህ ዘመን የሠራው «ፍሬን» ይህ ጠፍርና የእንስሳይቱ አራት እግሮች ናቸው። በቅሎ ድካም ሲሰማት ቆማ ትተነፍሳለች። ያ ጥበብ ለሞተር አልተሰጠውም።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከባሕር ጠረፍ ነድቶ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ማሳየቱ የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት መኪናዎች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ወይም ኃይል ወደ እነዚያ የሚወስደውን ዘንግ ብቻ ነበር፤ የሚሠራውም በብረት ዘንግና በሽቦ በመሳብ ነበር። ሬኖ ታምቡሩን ለመኪና ተስማሚ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ላንቸስተር ዛሬ ዲስክ የሚባለውን ፍሬን በባለመብትነት አስመዝግቦ ነበር፤ መፈተጊያው ከመዳብ የተሠራ በመሆኑና የጊዜው መንገድ አቧራማ ስለ ነበር መዳቡ በአጭር ጊዜ እየተበላ ሐሳቡ ግማሽ ምእት ዓመት ተኛ። መንገድ የፍሬን ፈራጅ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ግኝቱ ትክክል ነበር፤ መንገዱ ግን አልደረሰለትም። በዘይት ግፊት አራቱን ጎማ የሚይዝ ፍሬን በአሜሪካው ዱሰንበርግ መኪና ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1921፣ ዲስክ ለውድድር መኪና መዋሉ የተመሰከረለት ደግሞ በጃጓር ላይ በሌማን እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት መቀመጫ ሆና ስትመረጥ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ የግቤን ሸለቆ ተሻግሮ ተሠራ። ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ፊያት 634 ካሚዮን፣ ላንቻውም፣ በዚህ ጊዜ አገር ለመዱ። ወራሪው ሲወጣ መኪናው፣ የመካኒክነቱ ሙያና ከላይ የተጠቀሱት ቃላት ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከጅማ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ለብዙ ዐሥርታት የጠጠርና የጭቃ መንገድ ሆኖ ቆየ። በካፋ የኖረ ሁሉ የመኪናን ፍሬን የተማረው በዚህ የጠጠር ዘመን ነውና፣ ነገሩን ጥቂት ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

በጠጠር መንገድ ላይ የሸራ ጠላት ሙቀት አይደለም። ፍጥነቱ ከ30 እና 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብዙም አያልፍም፤ መያዣው ጠበቅ ካለም ሸራው ገና አቅሙን ሳይጨርስ ጎማው በጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ጠላቱ አሸዋና ውሃ ነው። ክረምት በገባ ጊዜ ጭቃው በታምቡሩ ውስጥ ገብቶ በሸራውና በብረቱ መካከል እንደ ወፍጮ ይፈጫል፤ ሸራው በሙቀት ከሚያልቀው ይልቅ በዚህ የሚያልቀው ይበልጣል፤ ታምቡሩም በውስጡ ቦይ ቦይ ይቆፈርበትና ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ እንዲላጥ ያስገድዳል። መኪናው ወንዝ ካቋረጠ ደግሞ ታምቡሩ ውሃ ስለሚይዝ ፔዳሉ ቢረገጥም የሚይዝ ነገር አይኖርም፤ ልምድ ያለው ሾፌር ከውሃው እንደ ወጣ ፔዳሉን በስሱ እየተጫነ ጥቂት ተጉዞ ሸራውን ያደርቃል። ሸራ መምረጥ የሚባል ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚገኘው ጥቅል ይገዛል፣ ይቆረጣል፣ ይቸነከራል። ሙያው ያለው በመቸንከሩ ላይ ነበር፤ የመዳቡ ራስ ከሸራው ፊት ዝቅ ብሎ ካልተቀበረ ታምቡሩን ይቧጥጣል፣ በጣም ከተቀበረም የቀረው ሸራ ስለሚሳሳ ይሰነጠቃል።

ይህ ሁሉ የተለወጠው አስፋልት ሲመጣ ነው። በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተደገፈው የጅማ–ሚዛን መንገድ ግንባታ በ2000ዎቹ ዓመታት ተካሂዶ፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከዚያም በዉሽዉሽ፣ በሺሺንዳና በዋቻ በኩል ወደ ሚዛን የሚወስደው መንገድ ለሰለሰ። የዉሽዉሽ ሻይ፣ የካፋና የቤንች ቡና፣ የተማሪው፣ የነጋዴውና የበሽተኛው ጉዞ ሁሉ አጠረ። የሾፌሩ እግር ግን የጠጠሩን ዘመን ልማድ ይዞ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤ ሸራውም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የሒሳቡን ነገር ማስታወስ ይገባል። የሚሽከረከር መኪና የያዘው ኃይል ከፍጥነቱ እጥፍ ጋር ሳይሆን ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። በጠጠሩ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነዳ የነበረ መኪና በአስፋልቱ 80 ሲነዳ፣ ለማቆም የሚጠይቀው ሥራ ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 500 ሜትር ቁመት ያለው ቁልቁለት ወርዶ ፍጥነቱን ሳይጨምር ከታች ቢደርስ፣ በመንገዱ ላይ የሆነ ነገር 49 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ውጧል ማለት ነው። ይህ ሙቀት 140 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ያው መኪና ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ጨርሶ ለመቆም የሚያስፈልገው 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ቁልቁለት ያለ ዕረፍት ከተደረጉ ሃያ ድንገተኛ ማቆሚያዎች ጋር ይተካከላል። ነፋሱና ሞተሩ ከዚህ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ሾፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ሊቆጥብ ከለቀቀው ግን የሞተሩ ድርሻ በሙሉ ወደ ሸራው ይዛወራል። ከቦንጋ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ ወደ ጎጀብ፣ ቀጥሎም ከአበልቲ አካባቢ ወደ ግቤ መውረዱን ሲያስቡት፣ አንድ ሸራ በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይፈተናል።

ሸራ በሙቀት ሲሸነፍ የሚሸነፍበት መንገድ አንድ አይደለም። ክሮቹን የያዘው ሙጫ ሲቃጠል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም በሸራውና በብረቱ መካከል እንደ ትራስ ይሆናል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም። ከቀዘቀዘ በኋላ የሸራው ፊት እንደ መስተዋት አብረቅርቆ ይገኛል፤ ይህ ሸራ ቢያዩት ወፍራም ነው፣ ሥራው ግን አልቋል። ሁለተኛው፣ ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ዲስክ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሲግል ቢያብጥም የሚያብጠው ወደ ሸራው ነውና፣ ለነፋስም የተጋለጠ ነው። ሦስተኛው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው፤ ለዶት 4 እነዚህ ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነበት እንደ ቦንጋ ባለ አገር ዘይቱን ለዓመታት ሳይለውጡ ሸራውን ብቻ በምርጥ መተካት ትርፉ ጥቂት ነው። ዘይቱ የፈላበት ሾፌር ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲሰምጥበት «ፍሬኑ ተበጠሰ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም የተበጠሰ ነገር የለም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ፍሬኑን ደኅና ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

እንግዲህ ሸራ የመምረጥ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የተነሣው በአስፋልቱ ዘመን ነው። በገበያው ላይ ያሉት ዓይነቶች በሦስት ወገን ይከፈላሉ ቢባል ይበቃል። ከብረት ይልቅ በክርና በሙጫ የሚሠራው ለስላሳው ዓይነት ድምፅ የለውም፣ ዲስኩን አይበላም፣ ጠዋት በብርድም ወዲያው ይይዛል፤ በረጅም ቁልቁለት ግን ቀድሞ የሚደክመው እርሱ ነው። ከክብደቱ ከ30 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ብረት የሆነው ሁለተኛው ዓይነት ሙቀትን ተሸካሚ ነው፤ በአንጻሩ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይበላል፣ ገና ሳይሞቅ ያዝ የማድረግ ኃይሉ ደካማ ነው። ሴራሚክ የሚባለው ሦስተኛው ንጹሕና ጸጥተኛ ሲሆን ዋጋው ከፍ ያለ፣ ከሁሉ በላይ ለከተማ የቤት መኪና የታሰበ ነው። «ምርጡ የቱ ነው?» ተብሎ በሱቅ ደጃፍ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለዚህ መልስ የለውም። በቦንጋ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ባጃጅና ቡና ጭኖ ጎጀብን ለሚወርድ አይሱዙ አንድ ዓይነት ሸራ ማዘዝ፣ ለሁለት ሕመምተኞች አንድ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። የቤት መኪና ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው ለስላሳውን ቢገጥም አይጎዳም። ሰው ሞልቶ በጥድፊያ የሚመላለስ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ግን ሙቀት የሚችለውን ይሻል፤ ባለቤቱም ጩኸቱን መታገሥ አለበት። ከመጫን አቅም በላይ ለሚጫን መኪና የሚስማማ ሸራ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

የአነዳዱም ነገር ከሸራው ዓይነት አያንስም። ፔዳሉን ቁልቁለቱን ሁሉ በስሱ ተጭኖ የሚወርድ ሾፌር ጥንቁቅ ቢመስልም ሸራውን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አያሳርፈውም፤ ፍጥነቱን በብርቱ ቀንሶ የሚለቅ፣ ጥቂት ቆይቶም የሚደግም ሾፌር ግን በመካከሉ ለነፋሱ ጊዜ ይሰጣል። ሞተሩ እንዲይዝ መተው ይበልጥ ይጠቅማል። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል፤ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የአየር መግቢያውን የሚዘጋ ክዳን ስለሌለው በራሱ የመያዝ ኃይሉ ትንሽ ነው። በጭስ መውጫው ላይ ክዳን የተገጠመላቸው፣ ሾፌሮች የሞተር ፍሬን የሚሉት ያላቸው ከባድ መኪናዎች የተሠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ክዳን በጥላሸት ተጣብቆ ከሥራ ውጭ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ባለንብረት አያሳድሰውም፤ መኪናው ያለ እርሱም ይሄዳልና። ወጪው ቆይቶ በሸራና በታምቡር በኩል ይመጣል።

በሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ የሚታተሙ ፊደላት አሉ፤ ገዢው ብዙ ጊዜ አያያቸውም። በአሜሪካ መኪና መሐንዲሶች ማኅበር ደንብ መሠረት ከቁጥሮቹ መጨረሻ ሁለት ፊደላት ይሰፍራሉ፤ የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በጋለ ጊዜ ያለውን የመፋተግ ልክ ያሳያል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን ያመለክታል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው የወረደ ሸራ ሲግል የሚደክም መሆኑን በራሱ ላይ ጽፎ የተሸጠ ነው። ፊደሉ ግን ስለ ዕድሜውም ሆነ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም። የአውሮፓው ቁጥር 90 ደንብ ከዚህ ጠበቅ ይላል፤ ተተኪው ሸራ ከፋብሪካው ሸራ ጋር ያለው የመያዝ ልዩነት ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ያዝዛል። በመርካቶ የታወቀ ስም የታተመበት ካርቶን ሁሉ ይህን ደንብ ያለፈ ሸራ የያዘ አይደለም፤ ካርቶንና ፊደል ማተም ሸራ ከመሥራት ይቀላልና።

ከዚህ ሁሉ ጋር መነሣት ያለበት የመካኒኩ ጉዳይ ነው። ፍሩድ በጥጡ ፋንታ ያስገባው አስቤስቶስ ለሰማንያ ዓመታት ያህል የሸራ ሁሉ መሠረት ሆኖ ኖሯል፤ አቧራው በሳንባ ገብቶ ከዐሥርታት በኋላ ለካንሰር የሚዳርግ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ግን በብዙ አገር ተከለከለ፤ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሽያጩ ፈጽሞ ታግዷል። በጋራዥ ውስጥ ግን ታምቡር ሲከፈት በመጭመቂያ አየር «እፍ» ማለት ዛሬም የተለመደ ነው። የአሮጌ መኪና ሸራ ከምን እንደ ተሠራ በዓይን አይታወቅም፤ ስለዚህ አቧራውን በውሃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ፣ ጨርቁንም ሳይደርቅ በላስቲክ አስሮ መጣል ለሁሉም ይሠራል። ወጪው የአንድ ባልዲ ውሃ ነው፤ በካፋ ደግሞ ውሃ አይጠፋም።

አዲስ ሸራ በአንድ አክስል በሁለቱም ጎን አንድ ላይ ይገጠማል፤ አንዱን ጎን ብቻ መቀየር መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል፤ ይህም በጭቃማ መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚያመጣ ለሙያው ሰው መንገር አያሻም። ከተገጠመም በኋላ ገና ከብረቱ ጋር ስላልተዋደደ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትሮች ያህል በመጠኑ እየያዙ ማለማመድ ይፈልጋል። በቦንጋ ሸራ አስለውጦ በዚያው ቀን ጭኖ ወደ ጎጀብ የሚወርድ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም። ከተቻለ ባዶውን እስከ ዉሽዉሽ ደርሶ መመለሱ፣ ተመልሶም ታምቡሩን በእጅ ጀርባ ቀረብ ብሎ የአራቱን ጎማ ሙቀት ማመዛዘኑ ይሻላል፤ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ወይም ጨርሶ የቀዘቀዘ ከሆነ፣ ጭነቱ ሳይጫን ሥራው እንደገና ይከፈታል።